የእናቴ ቁርስ

ዘይቱን አልወድም። ባለፈው ቅዳሜ አዲሱ ገበያ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ባለጋሪ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ጋሪው ላይ የቆለለው ዘይቱን ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ከመብሰል አልፎ መላሸቅ ጀምሯል። አንዱን ለሁለት ሰንጥቆ "ቅመሺ እህቴ፣ ማር ነው" አለኝ። ሽታው ሲደርሰኝ ፊቴን አዞርኩ። ሰውዬው ዕቃውን የናቅኩበት መስሎት "ካልፈለግሽ አትግዢ፣ መጠየፍ ግን ምን ይባላል?" ብሎ ጋሪውን እየገፋ ሄደ። አልፈርድበትም። የእናቴ ትንፋሽ በመጨረሻዎቹ ቀናት እንደዚያ ይሸት እንደነበር በምን ያውቃል?

ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የምንኖረው ከዊንጌት ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ የሚጋራበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ ነው። አባቴ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው። ቤቱ የእናቴና የእኔ ነበር ማለት ይቻላል። በዚያ ግቢ አንዱ ቤት ማንኪያ ሲወድቅ ሌላው ቤት ይሰማል። ማን ምን እንደጠበሰ፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን እሁድ ቅዳሴ እንደቀረ ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ባልዲ ይዞ ቧንቧው ጋ መቆም ይበቃል። የግቢው ታላቅ እማማ ዘነቡ ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን ሳይስሙ ውለው የማያውቁ፣ ጾም የማያጓድሉ፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን የማያሰሙ ሴት ናቸው። እናቴ የሳቸውን ዝምታ ከማንም ሰው ጩኸት አብልጣ ትፈራው ነበር።

እናቴ ስኳር እንዳለባት የታወቀው በዚያው ዓመት ገና ሰሞን ነው። ልብሷ እስኪሰፋት ከስታ፣ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ እየጠጣች ከርማ፣ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ወደቀችና ሆስፒታል ተኛች። ስትወጣ ኢንሱሊን የሚባል መርፌ ተሰጣት። ፍሪጅ ስላልነበረን ብልቃጡን በላስቲክ ጠቅልላ ውሃ በያዘ ገንቦ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ዶክተሩ የነገራትን ለአባቴ በስልክ ስትነግረው አጠገቧ ሆኜ ሰምቻለሁ። "ጠዋት መርፌውን ተወግቼ ወዲያው ካልበላሁ እወድቃለሁ። መርፌውን ከተውኩት ደግሞ እሞታለሁ። ሁለቱንም እንዳትደፍሪ ነው ያለኝ።" ይህን ስትል ድምጿ የሌላ ሰው ጉዳይ የምታወራ ይመስል ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ አመጣች። ምግቧን ከመቅመሷ በፊት ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ ግድግዳው ላይ ካለው የእመቤታችን ሥዕል ፊት ትቆምና "ጌታዬ፣ ይሄን ልብላው? ይጠቅመኛል ወይስ ይጎዳኛል? አንተ ምራኝ" ትላለች። ከዚያ ዝም ትላለች። እኔም አብሬያት ዝም ብዬ መልሱን እጠብቃለሁ። ብዙ ጊዜ ከቆየች በኋላ አማትባ ትበላለች፤ ተፈቅዶላታል ማለት ነው። አንድ ቀን ድንች ይዛ ቆመች፣ ቆየች፣ ቆየችና ሳህኑን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግዚአብሔር ድንች እንደማይወድ ለትምህርት ቤት ጓደኞቼ በሙሉ እምነት እናገር ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል፣ በቅበላው፣ የንስሐ አባታችን አባ ክንፈ መጡ። እናቴ መስቀላቸውን ተሳልማ ገና ሳይቀመጡ ጠየቀቻቸው።

"አባቴ፣ ምን ላድርግ? ዶክተሩ በጠዋት ብዪ ይላል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁዳዴን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳልቀምስ ነው የኖርኩት።"

"ብዪ እንጂ ልጄ" አሉ አባ ክንፈ፣ ትንሽም ሳያመነቱ። "ጾም ለታመመ አልታዘዘም። ላንቺ ምግቡ መድኃኒትሽ ነው። የጾሙን ብዪ፣ ሰዓቱን ግን ተዪው። እግዚአብሔር ሞትሽን አይሻም።"

እናቴ አለቀሰች። ሸክም እንደወረደለት ሰው ትከሻዋ ዝቅ ሲል አየሁ። አባ ክንፈ ሻያቸውን ጠጡ፣ ቤቱን ባረኩ፣ ተነሡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ዞር አሉ።

"ብቻ... እ... ሰው ፊት አይሁን። ለሌላው እንቅፋት እንዳንሆን። ገለል ብለሽ።"

ስለዚያች "ብቻ" ብዙ ዓመት አስቤያለሁ። አባ ክንፈ ክፉ ሰው አልነበሩም። ነገር ግን የመጀመሪያውን የተናገሩት ለእግዚአብሔር ብለው ነው፤ የመጨረሻውን የተናገሩት ለቧንቧው ብለው ነው። እናቴ ደግሞ ከሁለቱ ይበልጥ የሰማችው የመጨረሻውን ነው።

ገለል ማለት አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዴት እንደሆነ አልነገሯትም። በጠራራ ፀሐይ በር ከተዘጋ ግቢው ሁሉ "ምን ሆና ነው?" ብሎ ይመጣል። ስለዚህ በሩ ይከፈታል፣ መጋረጃው ይጋረዳል፣ እኔ ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ እቀመጣለሁ። ትምህርቴ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበር ጠዋት ነፃ ነኝ። ሥራዬ ጠጠር እያነሳሁ ቅልሞሽ መጫወትና ሰው ሲመጣ ጮክ ብዬ "እማዬ፣ ማበጠሪያዬ የት ነው?" ማለት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ የቂንጬውን ሳህን አልጋ ሥር ገፋ አድርጋ አፏን ትጠርጋለች። በዚያ ሁዳዴ ማበጠሪያ ያልጠፋበት ቀን አልነበረም። የግቢው ሴቶች "ይቺ ልጅ ጭንቅላቷን ብትረሳ ምን ይገርማል" እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

አንድ ጊዜ የጎረቤት ልጅ ከኋላዬ ሮጣ ገብታ ወንፊት ልትዋስ ጠየቀች። እናቴ አፏ ሞልቶ ስለነበር ጉንጯን በእጇ ይዛ ወደ ግድግዳው ጠቆመቻት። "ጥርሷን አሟት ነው" አልኩ እኔ። ልጅቷ "እግዜር ይማርሽ" ብላ ወንፊቱን ይዛ ሄደች። እኔና እናቴ ስንስቅ ስንስቅ እንባችን ወጣ። በዚያ ወቅት አብረን የሳቅንበት ቀን እሱ ብቻ ይመስለኛል።

የማይገባኝ ነገር ነበር። እቤት ውስጥ እግዚአብሔር ተጠይቆ ፈቅዷል፤ ሳህኑን አሳይታዋለች፣ አይቶታል። ታዲያ የምንደበቀው ከማን ነው? አስቤ አስቤ ሁለት እግዚአብሔር አለ ወደሚል ደረስኩ። አንዱ የቤታችን ነው፣ እናቴን ብዪ ይላታል። ሌላው ቧንቧው ጋ ነው የሚቀመጠው፣ እሱ ካየ አይምርም። የቧንቧው ይበልጥ ያስፈራኝ ስለነበር ጀርባዬን ለመጋረጃው፣ ፊቴን ለእሱ ሰጥቼ እቀመጥ ነበር።

ጾሙ እኩሌታው ገደማ ሲደርስ አንድ ማክሰኞ ጠዋት እማማ ዘነቡ መጡ። ደቡብ አፍሪካ ያለው ልጃቸው ከደወለ ወር አልፎት፣ የሚያጽናናቸው ፈልገው ነው። እያለቀሱ ስለነበር ማበጠሪያዬን እስክጠይቅ አልጠበቁም፤ መጋረጃውን ገልጠው ገቡ። እናቴ መርፌውን ተወግታ፣ ቂንጬው ከእሳት ወርዶ፣ ሳህኑ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ክዳኑን ድስቱ ላይ ደፋችና አልጋው ጫፍ ተቀመጠች። እማማ ዘነቡ ስለ ልጃቸው አወሩ፣ አለቀሱ፣ ደግሞ አወሩ። እናቴ "አይዞዎት፣ ይደውላል" ትላለች። እኔ መጋረጃው ጋ ቆሜ "እማዬ፣ ማበጠሪያዬ" አልኩ። "ቆይ" አለችኝ። ደግሜ አልኩ። ግንባሯ ላይ ላብ አየሁ። እማማ ዘነቡ "እንዳው ሞቶብኝ ይሆን?" ሲሏት "አዎ፣ ይደውላል" አለች። ከዚያ ከአልጋው ጫፍ ተንሸራትታ መሬት ላይ ወደቀች።

"ምች ነው" አሉ እማማ ዘነቡ። "ዳማከሴ አምጪ፣ ሩጪ።"

የሮጥኩት ወደ ስኳሩ ጣሳ ነው። ስትወድቅ ስኳር አፏ ውስጥ እንዳደርግ ሆስፒታል ነግረውኛል። በጣቴ ዘግኜ ስጠጋ እማማ ዘነቡ እጄን ያዙኝ። "ምን ልታደርጊ ነው? ጾመኛ ናት እኮ።"

"አይደለችም" አልኩ።

እማማ ዘነቡ አዩኝ። ድስቱን አዩ፣ ሳህኑን አዩ። እጄን ለቀቁኝና እሳቸው ራሳቸው ስኳሩን እየዘገኑ ድዷ ላይ ያሹላት ጀመር። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እናቴ ዓይኗን ገለጠች። አፏ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ሲገባት፣ ከፊቷ ያሉት ማን እንደሆኑ ስታይ፣ ወደ ግድግዳው ዞራ ተፋችው።

"በጾም ምን አጎረሳችሁኝ?"

"እኔ ነኝ ልጄ" አሉ እማማ ዘነቡ። "ኃጢአቱም የእኔ ይሁን። ምች ነው የመታሽ፣ በይ ተኚ።" ጣታቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ወጡ። ስለ ድስቱም ስለ ሳህኑም አንድ ቃል አልወጣቸውም። እናቴ ገብቷቸው እንደሆነ፣ አይተው እንደሆነ ለማወቅ ጀርባቸውን ስታይ ቆየች። ሳህኑን እኔ አንሥቼ እስካጎርሳት ድረስ አልተነቃነቀችም።

በማግስቱ ጠዋት ከድንጋዬ ላይ ተቀምጬ ግቢውን ሳይ ሰው የለም። ቧንቧው ጋ ባልዲ እንጂ ባለባልዲ የለም። በዚያ ሰዓት ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች አልወጡም፤ ልጆቹ እንኳ ወደ መንገድ ተጠርተው ሄደዋል። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ሴቶቹ የሚመለሱት ረፈድ ሲል፣ እናቴ ሳህኗን ካጠበች በኋላ ነው። እኔ ሥራዬ ስለቀለለኝ ደስ አለኝ። እናቴ ግን በመጋረጃው ጠርዝ ባዶውን ግቢ አየችና ፊቷ ጠቆረ።

"አውቀውብኛል" አለች። "አብረውኝ መቆም ተጸይፈው ነው።"

ያን ቀን ሳህኑን ይዛ ሥዕሉ ፊት ስትቆም እንደ ወትሮው አልጠየቀችም። ዝም ብላ ቆመችና ግማሹን በላች፣ ግማሹን ደፋችው። ሳምንቱን እንዲህ ገፋችው። ቂንጬው አፏ ውስጥ ሲዞር፣ ለመዋጥ ስትታገል በመጋረጃው ቀዳዳ እመለከታት ነበር። የተሰረቀ ነገር የምትበላ ትመስል ነበር። እግዚአብሔርም ሐኪምም ቄስም የፈቀዱላትን ምግብ።

ጾሙ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው አንድ ጠዋት ባዶ እጇን ሥዕሉ ፊት ቆማ አገኘኋት። ሳህን የለም፣ ድስትም አልተጣደም። ስትዞር ፊቷ በርቶ ነበር።

"ጌታ መለሰልኝ መቅዲ። መርፌውን ካልተወጋሁ መብላትም ግድ አይሆንብኝም። እስከ ፋሲካ ብቻ ነው። ፋሲካን ፈስኬ እመለስበታለሁ።"

ነገሩ ለእኔም ልክ መሰለኝ። ረሀቡ ያለው መርፌው ውስጥ ነው፤ ስትወጋው ይርባታል። ካልተወጋች አይርባትም፣ ካልራባት አትበላም፣ ካልበላች አንደበቅም። ከዚህ በላይ ቀላል ምን አለ? ዶክተሩ ሁለቱንም እንዳትደፍሪ ማለቱን ሁለታችንም ሰምተናል። እሷ ግን ይህን መልስ ራሷ ፈልጋ፣ ራሷ አግኝታ፣ የእግዚአብሔር ድምፅ ብላ ጠራችው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ይቆጨኛል፤ ያናድደኛልም። ምራኝ ስትለው የከረመችው አምላክ በሐኪሙም በቄሱም አፍ ብዪ ብሏት ነበር።

መጋረጃው ተሰበሰበ። እናቴ በርጩማዋን አውጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከማለዳ ጀምሮ ቧንቧው አጠገብ ተቀመጠች። ከንፈሯ ደርቋል። ሁሉም እንዲያይላት ነው። በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ አንድ በአንድ ብቅ አሉ። በሦስተኛው ግቢው እንደ ድሮው ሞላ፣ ልብሱ ተሰጣ፣ ወሬው ደራ። "አየሽ?" አለችኝ ማታ። "ተመለሱ።" እንዲያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። እኔም ከድንጋዬ ተነሥቼ ከልጆቹ ጋር ቅልሞሽ ስጫወት ዋልኩ። ማበጠሪያዬም ጠፍቶ አያውቅም።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ማሰሮውን በሁለት እጇ አንሥታ ውሃውን ትገለብጠዋለች። እህል ግን አይወርድላትም፤ ሁለት ጊዜ ጎርሳ ትተወዋለች። ጉንጯ ገባ፣ ቀለበቷ ከጣቷ ይወልቅ ጀመር። ሴቶቹ "ጾሙ ጎዳት" ይላሉ፣ በአክብሮት ነው የሚሉት። ማታ አጠገቧ ስተኛ ትንፋሿ ዘይቱን ዘይቱን ይላል፤ ከመጠን በላይ የበሰለ፣ የላሸቀ ዘይቱን። እናቴ ተደብቃ ፍራፍሬ እየበላች ነው አልኩ በልቤ። ቀን እሷ ቧንቧው ጋ ስትቀመጥ አልጋ ሥር ገብቼ ፈለግኩ፣ ሣጥኑን ከፈትኩ፣ የዱቄቱን ዕቃ ሳይቀር በእጄ አመስኩት። ምንም የለም። ለእኔ ሳታካፍለኝ በመብላቷ ተቀየምኳት። ሽታው መርፌውን ያቋረጠ የስኳር በሽተኛ ትንፋሽ መሆኑን ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። ለማንም ግን አልተናገርኩም። እናቴ የምትበላውን ለሰው መንገር አይገባም፤ ያን ዓመት የተማርኩት ትልቁ ትምህርት እሱ ነው።

ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች "ራስሽን አትውቀሺ" ይሉኛል። እኔ ራሴን ወቅሼ አላውቅም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ የታዘዝኩትን ጠብቄአለሁ። የምወቅሰው ትልልቆቹን ነው፣ እናቴንም ጨምሬ።

የሆሳዕና ለት ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሰዎች ሁሉ ፍትሐቱ አስቀድሞ በሆሳዕና ይደረስላቸዋል። እናቴ ግድግዳ ተደግፋ፣ በአፏ እየተነፈሰች፣ ዘንባባ ቀለበት እየሠራችልኝ ያን ጸሎት ሰማች። ሮጣ የመጣች ይመስል ደረቷ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። ቀለበቱ ሰፍቶኝ አውራ ጣቴ ላይ አደረግኩት። ሰኞ ጠዋት ከአልጋዋ መነሣት አቃታት፣ የምትናገረውም አልገጥም አለ። እማማ ዘነቡ ታክሲ አስጠርተው ከግቢው ወንዶች ጋር ይዘዋት ሄዱ። አባቴ ማክሰኞ ከመንገድ ሲደርስ አልቆየችውም። የራሷን ፍትሐት በቁሟ ሰምታ ነው የሞተችው። ለቅሶ ላይ ይህን እንደ ትልቅ ጸጋ ሲያወሩት ሰማሁ። "መታደል ነው፣ ጾማ ጸልያ፣ በሕማማት" ይሉ ነበር።

የፋሲካ ለት ጠዋት ጎረቤቶቻችን ብቻችሁን አትፈስኩም ብለው ምግባቸውን ይዘው እኛ ቤት መጡ። አባቴ ጥቁር ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መጋረጃው ተሰብስቦ በሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ሰዓቱ እናቴ ቁርሷን የምትበላበት ሰዓት ነው። አባ ክንፈ ማዕዱን ባርከው ሰው ሁሉ እጁን ወደ ሰፌዱ ሲሰድ እኔ ተነሣሁ። ማንም አላዘዘኝም። መጋረጃውን ከሚስማሩ አወረድኩ፣ ጋረድኩት፣ ወጥቼ ድንጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ እማማ ዘነቡ ጉርሻ በእጃቸው ይዘው ወጡ።

"ሰው ሁሉ እየበላ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እየጠበቅኩ ነው።"

"ማንን?"

"ሰው እንዳይመጣ።"

እማማ ዘነቡ ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ጉርሻው እጃቸው ላይ ነው።

"እናውቅ ነበር እኮ ልጄ" አሉ። "ከወደቀችበት ቀን ጀምሮ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢውን የምንለቅላት ተረጋግታ እንድትበላ ብለን ነው። እኔ ነኝ ውጡ ያልኳቸው። በኋላ ደጅ መቀመጥ ስትጀምር፣ በሌሊት እየበላች ይሆናል፣ ተመስገን አልን።"

"ለእማዬ ነገሯት?"

"እንዴት ይነገራል? ታፍራለች ብለን ነዋ።"

ግቢው ባዶ ነበር። ቧንቧው ይንጠባጠባል። የምንደበቃቸው ሰዎች በሙሉ ከኋላዬ፣ እናቴ ትደበቅባት በነበረችው ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ይበላሉ። ሲያኝኩ ይሰማኛል። እማማ ዘነቡ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉና "በይ፣ ለእናትሽ ነፍስ ብለሽ" ብለው ጉርሻውን አፌ ውስጥ አደረጉልኝ።

ዞር እስኪሉ አልጠበቅኩም። እያዩኝ ተፋሁት።